ጋሪው በፈጠነ ቁጥር ነፋሱ ወደ ፊት ይመጣል፦ የደብረ ብርሃን የነፋስ ጋሪ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሥራው ይሄ ነው፦ ሦስት ጎማ፣ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ሸራ። ሞተር የለውም። ፈረስም አይጎትተውም። ቤት ውስጥ «የነፋስ ጋሪ» ብለነዋል።

ጀልባ ብሠራ ደስ ባለኝ። ግን ከደብረ ብርሃን ጀልባ ጭኖ ሐይቅ ፍለጋ መውረድ አቅሜ አይደለም። ሜዳና ነፋስ ግን ሞልቶናል። ሸራ ደግሞ ከሥሩ ውሃ ይኑር መሬት ሕጉ ያው ነው። የሚለየው ከሥር የሚይዘው ነገር ነው።

የያዘኝ ጥያቄ አንድ ነው። በሸራ የሚሄድ ነገር ከነፋሱ ከራሱ እንዴት ይፈጥናል? እ.ኤ.አ. በ2009 ግሪንበርድ የተባለች ባለ ጎማ ሸራ አሜሪካ ውስጥ በደረቀ ሐይቅ ላይ በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። በ2022 ደግሞ ኒውዚላንዶች የሠሯት ሆሮኑኩ አውስትራሊያ ላይ 222.4 አስመዘገበች። በዚያ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ቢሆን ኖሮ ሜዳው ላይ የሚቆም ሰው አይገኝም ነበር። ነፋሱ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ? አንብቤያለሁ። በእጄ ካልነካሁት ግን ልቤ አያምንም።

እንጀራዬ በርና መስኮት መበየድ ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋ አልከፍልም። የገዛሁት ዕቃ፦ 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ፣ ሦስት ዘንግ በ8,700 ብር። ኤሌክትሮድና የመቁረጫ ዲስክ 1,150። ያገለገለ የብስክሌት ጎማ ከነቸርኬው ሦስት፣ 3,900። ገመድና ፑሊ 1,350። ለምሰሶው ግቢ ውስጥ የተረፈ የውሃ ቧንቧ ነበረኝ፤ 4 ሜትር ተኩል ቆረጥኩት።

ቅርጹ ቀላል ነው። ከፊት በእግር የሚመራ አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት። በኋላዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ60፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40። ሰው መሀል ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

ጥቅምት፣ ሦስተኛው ሳምንት

ብየዳው ሁለት ቀን ፈጀ። የምሰሶው ማቆሚያ ላይ ተሳሳትኩ። ቱቦላሬው ስስ ነው፤ እኔ ደግሞ የበር ማዕዘን እንደምበይደው አምፔሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ብረቱ ተበሳ። በላዩ ላይ ደራርቤ ደፈንኩት። በማግስቱ ምሰሶውን ተክለን በእጅ ስንወዘውዘው ከድፋኑ አጠገብ ተሰነጠቀ። ቆርጬ ጣልኩና ከ4 ሚሊ ላሜራ አራት ጆሮ አውጥቼ እንደገና በየድኩት። ከዚያ ወዲህ አልነቃነቀም። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ ስለሆነ የሚበየድበትን ቦታ በግራይንደር ፍቄ ዚንኩን አወረድኩ። ጭሱ መርዝ ነው፤ የምትሞክሩ ካላችሁ ይሄን አትዝለሉ።

ሸራውን የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት ጋ አሠራሁ። 4,200 ብር፣ ሦስት ማዕዘን፣ 4 ካሬ ሜትር። ጠፍጣፋ አድርገው ሊሰፉት ነበር። «ጋሼ፣ የፊት ጠርዙን መሀሉ ላይ አምስት ሴንቲ ወደ ውጪ ያጉብጡልኝ» አልኳቸው። ጉብጡ ጠርዝ ቀጥ ካለ ምሰሶ ጋር ሲታሰር ትርፉ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይገባና ሸራው ሆድ ያወጣል። ሆድ ከሌለው ነፋሱን ጠምዝዞ አይለቅም። ጋሼ መጀመሪያ የስፌት ስህተት የማሠራቸው መስሏቸው ነበር። ወረቀት ላይ ሳሳያቸው ግን ወዲያው ገባቸው። «እንደ ሱሪ መቀመጫ ነው በለኛ» አሉኝ። ልክ እንደዚያ ነው።

ኅዳር 3

የመጀመሪያው ሙከራ። ጋሪውን በፈረስ ጋሪ ጭነን ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ በኩል ካለው የግጦሽ ሜዳ ወሰድነው። ጭነት 300 ብር። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነው።

አልተንቀሳቀሰም። ሸራው ሞልቷል፣ ምሰሶው ጎብጧል፣ ጋሪው ቆሟል። ልጁ ገፋ ሲያደርገኝ አሥር ሜትር ያህል ሄጄ ቆምኩ። ሁለተኛው ላይ የግራው የኋላ ጎማ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ገባ። የኛ ጥቁር አፈር ዝናቡ ሲያቆም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ለብስክሌት ጎማ ልክ ይሆናል። ጎማው ውስጥ ተይዞ ሸራው ወደ ጎን ሲጎትት ቸርኬው ተጣጥፎ ቀረ።

ይሄን ማሰብ ነበረብኝ። ብስክሌት ሲታጠፍ ጋደል ስለሚል ሸክሙ ሁልጊዜ በቸርኬው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ባለ ሦስት ጎማ አይጋደልም። ሸራው የሚገፋው በአብዛኛው ወደ ጎን ነው፤ ያን ሁሉ ጎማው በጎኑ መሸከም አለበት። የብስክሌት ሽቦ ለዚያ አልተሠራም። 3,900 ብር ሄደች።

ኅዳር 10

ለምን እንደቆመ በሚዛን ለካሁት። ሥጋ የሚመዘንበትን ባለ ሞላ ሚዛን ከጋሪው አፍንጫ አስሬ፣ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ፣ ልጁ ቀስ እያለ ይጎትታል። ሣሩ ላይ ሚዛኑ 7 ኪሎ አነበበ። ከብት የረገጠው ጠንካራ መሬት ላይ 3 ኪሎ።

ከዚያ የሸራውን ኃይል አሰላሁ። እዚህ ነው የከፍታው ነገር የሚመጣው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሸራውን ስፋት የወሰድኩት ባሕር ዳር ከሚሠሩ ሰዎች ነበር። እነሱ 4 ካሬ ሲሉ ለኔ ወደ 5 ካሬ ተኩል ማለት ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ የኔ ሸራ የሚሰጠው በጣም ቢበዛ 5 ኪሎ ግፊት ነው። ሣሩ 7 ይይዛል። እንዴት ይንቀሳቀስ?

ኅዳር፣ መጨረሻ

ሦስት ያገለገሉ የባጃጅ ጎማዎች ከነማዕከላቸውና ከነኩሽኔታቸው፣ 9,000 ብር። ትንሽ ናቸው፣ ወፍራም ናቸው፣ ስንጥቅ ውስጥ አይገቡም። የጎን ሸክምም ይችላሉ። የኋላውን የባጃጅ ፍሬንም አብሬ ገጠምኩ። አሁን ጋሪው ብቻውን 52 ኪሎ ይመዝናል።

ሸራውን ወደ 6 ካሬ አሳደግነው። ጋሼ የኋላ ጠርዙን ወደ ውጪ አሰፉት። እኔ የታችኛውን አግዳሚ ወደ 2 ሜትር ከ40 አረዘምኩ። የሰፋው ክፍል እንዳይረግብ አራት ስንጥቅ ቀርከሃ በኪስ ገብቶበታል። ተጨማሪ 2,600 ብር። የነፋስ መለኪያም ገዛሁ፤ በእጅ የሚያዝ፣ 2,400 ብር። ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ አነባለሁ።

ታኅሣሥ 5

ሄደ! ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ሄደ።

በጠዋት ደርሰን ውርጩ ላይ ስንንቀጠቀጥ፣ ከሜዳው አጠገብ አውድማ ላይ ገብስ የሚያበራዩ አንድ አባት አዩን። «ልጄ፣ ነፋሱ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ቀድመህ አትድከም» አሉኝ። ልክ አራት ሰዓት ላይ ከአንኮበር በኩል መጣ። እሳቸውም መንሻቸውን አነሱ። ገለባ በእፍኝ ወደ ላይ በተን አድርገው ወዴት እንደሚወድቅ አዩና ቆመው የሚያዘሩበትን ቦታ አስተካከሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ከመነሳቴ በፊት ገለባ እበትናለሁ። የገዛሁት መለኪያ ፍጥነቱን እንጂ አቅጣጫውን አይነግረኝም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁሉም ሰው የሚያስበውን ነው። ነፋሱን በጀርባ አድርጎ፣ ሸራውን ዘርግቶ፣ መገፋት። ነፋሱ 22 ነው። ጋሪው 13 ደርሶ እዚያው ቀረ (ቁጥሩ ሁሉ ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው)። ብጠብቅም አልጨመረም። የሚገርመው ደግሞ ላዩ ላይ ስቀመጥ ነፋሱ የጠፋ ይመስላል። ጀርባዬን ፀሐይ ይሞቀኛል። ሜዳው ላይ ግን የልጁ ጃኬት ይርገበገባል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 22 የሚሄድ ነፋስ 13 የሚሄድ ጋሪ ላይ ሲደርስ የሚቀረው 9 ነው። የነፋስ ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይሄድም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ 22 ወደ 9 ሲወርድ ኃይሉ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ነፋስን በጀርባ ይዞ የሚሮጥ ሰው ከሚገፋው ነገር እየሸሸ ነው።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ ጎኑን ለነፋስ ሰጠሁት፤ መስመሩ ከነፋሱ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ሸራውን በግማሽ አላልቼ ተነሳሁ። ቶሎ ቶሎ ጨመረ። 8፣ 11፣ 14። ከዚያ ሸራው ከፊት ጠርዙ መንቀጥቀጥ ጀመረና ሞተ። ጋሪው ቀዘቀዘ። ሲቀዘቅዝ ሸራው እንደገና ሞላ። እንደገና 14። እንደገና ተንቀጠቀጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስሆን ዋልኩ።

ነፋሱ አቅጣጫ የሚቀይር መሰለኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። ማታ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «ሜዳው አይሆንም፣ ነፋሱ የተረጋጋ አይደለም» የሚል ነው። ስህተት ነበር። ሳልሰርዘው ትቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 19

የዛሬው ሙከራ ገንዘብ አላስወጣም። ከሁሉም ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

ከባና የተመዘዘ ቀይ የሱፍ ክር፣ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ። አንዱን ሦስት ሜትር የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ አስረን ሜዳው መሀል ተከልነው። ሌላውን ከጋሪው አፍንጫ ፊት በወጣ ቀጭን ዘንግ ላይ አሰርኩት፤ ከዓይኔ ትይዩ ነው። ልጁ በስልኩ ይቀርጻል።

ቆሜ ሳለሁ ሁለቱ ክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ነፋሱ ከቀኜ ነው፤ ሁለቱም ወደ ግራ። ተነሳሁ። የጋሪው ክር መዞር ጀመረ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጫፉ ቀስ እያለ ከግራ ወደ እኔ መጣ። 18 ስደርስ በግራ ትከሻዬ በኩል ያልፋል። ነፋሱ አሁን ከቀኝ ጎኔ አይመጣም፤ ከፊት ለፊቴ በቀኝ ሰያፍ ነው የሚመጣው። ሸራውን በገመድ ሳብኩት። ሳበው፣ ሳበው። መንቀጥቀጡ ቆመ። ጋሪው እንደገና ጨመረ፤ ክሩም እንደገና ዞረ፤ እኔም እንደገና ሳብኩ። በስልኩ 27 አየሁ። ነፋሱ 18 ነበር።

ከዚያ ፍሬን ያዝኩ። ክሩ ፍጥነቱ በወረደ ቁጥር ወደ ግራ ተመለሰ። ስቆም ሁለቱ ክሮች እንደ መንታ ወደ አንድ ጎን ተዘርግተው ነበር። ቪዲዮውን ማታ ስናየው የእንጨቱ ክር ከጅምር እስከ መጨረሻ ንቅንቅ አላለም። ነፋሱ አቅጣጫ አልቀየረም ነበር ማለት ነው። የቀየርኩት እኔ ነኝ።

መርከበኞች ይሄን አፓረንት ዊንድ ይሉታል። እኔ ለራሴ «የሜዳው ነፋስ» እና «የጋሪው ነፋስ» ብዬ ከፍያቸዋለሁ። የሜዳው ነፋስ የቆመ ሰው የሚሰማው ነው። የጋሪው ነፋስ የሜዳው ነፋስና ጋሪው በመሄዱ ብቻ ከፊት የሚመጣው ነፋስ አንድ ላይ ሲደመሩ ነው። ዝናብ ቀጥ ብሎ እየወረደ በመኪና ስንሄድ መስታወቱን ከፊት ይመታናል። ያው ነው። ሸራው የሚያውቀው የጋሪውን ነፋስ ብቻ ነው። የሜዳውን ነፋስ አይቶት አያውቅም።

ታኅሣሥ 20

ወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ሳልኩት። አንድ ሴንቲ ለአንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት። የሜዳውን ነፋስ 18 ሴንቲ ወደ ጎን፣ የጋሪውን ፍጥነት በርዝመቱ፣ በስኳድራ ቀጥ አድርጌ። ሦስተኛው መስመር የጋሪው ነፋስ ነው።

ጋሪው 9 ሲሄድ፦ የጋሪው ነፋስ 20፣ ከአፍንጫው በ63 ዲግሪ ይመጣል። 18 ሲሄድ፦ 25 ተኩል፣ በ45 ዲግሪ። 27 ሲሄድ፦ 32 ተኩል፣ በ34 ዲግሪ ገደማ።

ትርፉ ከየት እንደመጣ ወለሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በጀርባ ስሄድ ፍጥነቴ ከነፋሱ ይቀነሳል። በጎን ስሄድ ይደመራል። 27 ስደርስ ሸራዬ ላይ የሚያርፈው ነፋስ 32 ነው፤ ኃይሉም ቆሜ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ልጁ «ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይጨምርም? 100 አይደርስም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነፋሱ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር የሸራው ግፊት ወደ ጎን ያጋድላል። ጎኑን ጎማው ይይዘዋል። ወደ ፊት የሚተርፈው ድርሻ ይቀንሳል። በሌላ በኩል እኔ፣ ምሰሶውና ቱቦላሬው ነፋሱን እየገጨን እንይዘዋለን። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል።

ጥር 1

ዛሬ አንድ ጎማ ተነሳ። በጎን እየሄድኩ ነበር፤ ነፋስ 22፣ ፍጥነት 29። ድንገተኛ ጠንከር ያለ ነፋስ መጣ። ከነፋሱ በኩል ያለው የኋላ ጎማ 30 ሴንቲ ያህል ከመሬት ለቀቀ። ገመዱን እጄ ላይ አልጠቀለልኩትም ነበር፤ ለቀቅኩት፣ ጋሪውም ተመልሶ ወደቀ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጌ ነበር። እጅ ላይ መጠቅለል ክልክል ነው። ይሄን ጋሪው ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ።

በጠመኔ አየሁት። ጋሪው ክብደት ስላለው ፍጥነቱ ባንዴ አይቀየርም፤ 29 ላይ ነው። የሜዳው ነፋስ ከ22 ወደ 30 ሲዘል፣ የጋሪው ነፋስ ከ37 ዲግሪ ወደ 46 ይሄዳል። ማለትም ጠንከር ሲል ወደ ጎን ይመለሳል። ለ37 የተሳበ ሸራ 46 ሲመጣበት ከመጠን በላይ የተሳበ ይሆናል፤ ግፊቱ ሁሉ ጎን ይሆናል፤ ጎማ ይነሳል። ስለዚህ ነፋሱ ሲጠነክር ትንሽ ማላላት፣ ጋሪው ሲፈጥን መልሶ መሳብ።

የተገላቢጦሹም አለ። ነፋሱ ወደ 14 ሲወርድ የጋሪው ነፋስ በ26 ዲግሪ ከፊት ይመጣል። ሸራው ይንቀጠቀጣል። አዲስ ሰው ነፋሱ ከፊት የዞረበት ይመስለዋል፣ መሪውን ያዞራል። እኔም ታኅሣሥ 12 ጋሪው ሲፈጥን እንዲሁ መስሎኝ ነበር። እዚህ ግን ነፋሱ አልዞረም፤ ደክሟል እንጂ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ወደ ነፋሱ አቅጣጫ መውጣት። ይሄ በጣም ፈትኖኛል። ቀጥ ብሎ ወደ ነፋሱ መሄድ አይቻልም፤ ዚግዛግ ነው። ጥያቄው ከነፋሱ አቅጣጫ ስንት ዲግሪ ነው።

ስስታም ሆንኩ። 45 ዲግሪ ላይ ያዝኩት። ብዙ የምቆጥብ መስሎኝ ነበር። ጋሪው 6 ላይ ሲንፏቀቅ ቆየና ቆመ። ወደ 60 ዲግሪ ለቀቅ ሳደርገው 15 ሄደ። ነፋሱ 22 ነው። እዚያ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ያለቅሳል፤ የጋሪው ነፋስ 32 ሆኖ በ36 ዲግሪ ከፊት ይመታኛል። የሚጠቅመው ይሄ ነው። መጀመሪያ ፍጥነት ያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ነፋሱ ጠጋ በል። ገና ሳትሮጥ ከጠጋህ ግን ትቆማለህ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። በጎን 29 ስሄድ ነፋሱ በ37 ዲግሪ ነው የሚመጣው። ወደ ነፋሱ በ15 ስወጣም በ36። ፍጥነቱና መስመሩ ሌላ ነው፤ የጋሪው ነፋስ ግን እዚያው አካባቢ ነው የሚቀመጠው። ይሄ የጋሪው ጠባይ ነው። የሚይዘው ነገር ሁሉ፣ የጎማው፣ የምሰሶው፣ የኔ ትከሻ፣ በዚያ ዲግሪ ውስጥ ተደምሮ አለ። የሚይዝህ ነገር ሲያንስ ዲግሪው ይጠባል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። የግሪንበርድ ሚስጥሩ ይሄ ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ክንፍ የመሰለ ጠንካራ ሸራ። የነፋሱ ጉልበት ብቻውን አይደለም።

ጀልባም በዚሁ ይገባል። ተራ ጀልባ ውሃን ገፍቶ ማዕበል ስለሚያነሳ ከርዝመቱ ጋር የታሰረ የፍጥነት ጣሪያ አለው። 7 ሜትር የሆነ ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይጠናበታል። ስለዚህ የጀልባው ነፋስ ከሜዳው ነፋስ ብዙ አይርቅም። በ20 ነፋስ፣ በ45 ዲግሪ፣ በ10 ፍጥነት ቢሄድ፣ ነፋሱ 28 ሆኖ በ30 ዲግሪ ይመጣል። እንዲህ ያለው ጀልባ ወደ ነፋሱ ከኔ የተሻለ ይጠጋል፤ በጎን ሲሄድ ግን አይደርስብኝም። ከሥራቸው ባለ ክንፍ ከውሃው በላይ የሚነሱት ጀልባዎች ሌላ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለአሜሪካ ዋንጫ የተወዳደሩት ጀልባዎች ወደ ነፋሱ መውረጃ፣ ማለትም ነፋሱ ወደሚሄድበት፣ ሲሄዱ እንኳ ሸራቸውን ስበው ነበር የሚሄዱት። እኔ ያንን ፎቶ ሳይ ግራ ይገባኝ ነበር። ነፋስ በጀርባ እያለ ሸራ ለምን ይሳባል? አሁን ገብቶኛል። ለእነሱ ነፋሱ በጀርባ አይደለም፤ ከፊት ነው። በ2012 ናሚቢያ ላይ ሰይልሮኬት የተባለው ባለ ሸራ ጀልባ 65.45 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ሲሄድም እንዲሁ ነው።

የካቲት 4

ወደ ነፋሱ መውረጃ የመጨረሻ ሙከራ። 300 ሜትር በሜትር ለክተን ሁለት እንጨት ተከልን። ነፋስ 22። አንደኛ ቀጥታ፣ ነፋስን በጀርባ። ሁለተኛ ዚግዛግ፦ ከቀጥታው 40 ዲግሪ ወደ ጎን ወጥቼ፣ መሀል ላይ አዙሬ መመለስ።

ቀጥታው 83 ሰከንድ ፈጀ። ዚግዛጉ 59።

መንገዱ ወደ 390 ሜትር ረዝሟል፤ ጊዜው ግን በ24 ሰከንድ አጠረ። በቀጥታው የጋሪው ነፋስ 9 ነበር። በዚግዛጉ 24 እየሄድኩ የጋሪው ነፋስ 16 ገደማ ሆኖ በ63 ዲግሪ ይመጣል፤ ኃይሉ ሦስት እጥፍ ነው። መለኪያውን ይዤ አነበብኩት፤ 15 እና 17 መሀል ይዋልላል። የጠመኔው ሥዕልና መለኪያው ሲገናኙ ያለው ደስታ ሌላ ነው። ልጁ ሁለቴ አስደገመኝ፤ 58 እና 61።

ከነፋሱ ቀድሜ ግን አልደረስኩም። ነፋሱ 300 ሜትሩን በ49 ሰከንድ ይጨርሳል። ገለባ የሚያዘሩት አባት ቆመው ሲያዩን ነበር። «ጠመዝማዛው ቀደመ?» አሉ። ከዚያ ገለባ በተኑና እስኪወድቅ ተከተሉት። «እሱን ግን ገና አልያዝከውም» አሉኝ። እውነት ነው።

የካቲት 11

የሚይዘኝን ልቀንስ። መቀመጫውን ወደ ኋላ አስተኛሁት፤ ትከሻዬ 25 ሴንቲ ዝቅ አለ። ከፊት የስስ ላሜራ አፍንጫ ገጠምኩ፤ ከበር ሥራ የተረፈ ነው። የጎማ ነፋስ ሞላሁ። በዚያው 22 ነፋስ በጎን 31 ሄደ። ከ29 ወደ 31፣ ከ37 ዲግሪ ወደ 35። ትንሽ ይመስላል። ለኔ ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ሸራውን አልነካሁም። የነካሁት የሚይዘውን ብቻ ነው።

እስካሁን የወጣው፦ ዕቃው 33,300፣ ጭነት ዘጠኝ ጊዜ 2,700፣ በድምሩ 36,000 ብር። የብስክሌት ጎማው ባይኖርበት 32,100 ይሆን ነበር።

የካቲት 23

የበልግ ዝናብ ጣለ። ሜዳው አንድ ቀን አደረና ጭቃ ሆነ። ጥቁር አፈር ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ሚዛኑን 15 ኪሎ አስነበበው። ጋሪውን ግድግዳ ተደግፎ አቁሜዋለሁ፤ ሸራው ታጥፎ ኮርኒስ ላይ ነው። የቀጣዩ ሥራ ምሰሶው ነው። ክብ ቧንቧ ከኋላው ነፋሱን ያናውጣል። በእንባ ቅርጽ ከስስ ላሜራ ጠቅልዬ ልሸፍነውና ከሸራው ጋር አብሮ እንዲዞር ከሥሩ በኩሽኔታ ላቆመው አስቤያለሁ። ላሜራውን ዛሬ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከ20 ይጎድለኛል።